አሥራቴን አውጥቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ የቅንጦት መኪና ብገዛ ኃጢአት ነው?

ናሆም_ቤ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩን ሳላንዛዛ ልናገር። የራሴ ሥራ አለኝ፤ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ እግዚአብሔር ይመስገን በደንብ ይዞልኛል። የሰው ደመወዝ አላሳድርም፣ ግብር እከፍላለሁ፣ አሥራት የማወጣው ከትርፉ ሳይሆን ከጠቅላላ ገቢው ነው። አሁን የምነዳው መኪና ምንም አልሆነም። ግን አዲስ ማየት ጀምሬያለሁ፤ ማየት ብቻም አይደለም፣ ማታ ማታ ስልኬ ላይ ቀለም እየመረጥኩ አመሻለሁ። ወንበሩ ጀርባ ያሻል፣ በሩ ሲዘጋ ድምፅ የለውም። እንደማያስፈልገኝ አውቃለሁ። አቅሙ ግን አለኝ፣ ብድርም አልገባበትም።

በጸሎት ቡድናችን ውስጥ ጉዳዩን ሳነሳ አንድ ወንድም «ግመልና መርፌ» ብሎ ዝም አለ፤ ሀብታም ወደ እግዚአብሔር መንግሥት ከሚገባ ግመል በመርፌ ቀዳዳ ቢያልፍ ይቀላል የሚለውን ማለቱ ነው። አንዲት እህት ደግሞ «የንጉሥ ልጅ ነህ፣ እንደ ንጉሥ ልጅ ንዳ» አለችኝ። ሁለቱም አላጠገቡኝም። ክርስቲያን ሀብታም መሆን ይችላል ወይ አላልኩም፤ አብርሃምም ሀብታም ነበር። ጥያቄዬ ሀብቱን ለምቾትና ለጌጥ ማዋል ይቻላል ወይ ነው። ጥቅስ ወርውራችሁ ብቻ እንዳትሄዱ፣ አስረዱኝ።

የጸጋው_ልጅ

ተባረክ ወንድሜ! ክርስቲያን ጎስቋላ መሆን አለበት የሚለው ትምህርት ስንቱን አስሮ እንዳስቀመጠ እኔ ነኝ የማውቀው። ኢዮብ ከፈተናው በኋላ እጥፍ ተሰጠው። ለሰሎሞን በዓመት የሚገባለት ወርቅ 666 መክሊት ነበር፣ 1ኛ ነገሥት 10፥14ን አንብብ። ዮሐንስም በሦስተኛው መልእክቱ «በነገር ሁሉ እንዲከናወንልህና ጤና እንዲኖርህ እጸልያለሁ» ይላል። በነገር ሁሉ! መኪና ከነገር ውጭ ነው እንዴ? አሥራትህን አውጥተሃል፣ ማንንም አልሰረቅህም። ግዛና አመስግን።

መጻተኛ

ሰሎሞንን ምስክር ባትጠራው ይሻልህ ነበር። ዘዳግም 17፥17 ንጉሡ ብርና ወርቅ ለራሱ እጅግ እንዳያበዛ ይከለክላል። መጽሐፈ ነገሥት በምዕራፍ 10 ወርቁን ቆጥሮ ሲጨርስ በምዕራፍ 11 ልቡ እንዴት እንደዘነበለ ይነግርሃል፤ በምዕራፍ 12 ደግሞ ሕዝቡ ለልጁ ለሮብዓም «አባትህ ቀንበር አክብዶብን ነበር፣ አንተ አቅልልልን» ይለዋል። ያ ሁሉ ወርቅ በማን ትከሻ እንደመጣ ከዚህ በላይ ማን ይናገር?

3ኛ ዮሐንስ ደግሞ ለጋይዮስ የተጻፈ የሰላምታ ቃል ነው። ለወዳጅህ ደብዳቤ ስትጽፍ «ጤና ይስጥልኝ» ብትለው ለዘላለም እንዳይታመም ቃል ገባህለት ማለት አይደለም።

አንባቢ_ብቻ

ስለ ግመሉ አንድ ነገር ልጨምር። በኢየሩሳሌም «የመርፌ ቀዳዳ» የምትባል ጠባብ በር ነበረች አሉ። ግመሉ ጭነቱን አራግፎ፣ ተንበርክኮ ይገባባታል። ስለዚህ ትርጉሙ ሀብታም ትሑት ይሁን ነው እንጂ አይገባም አይደለም።

መጻተኛ

ይህችን በር ከብዙ ሰባኪ አፍ ሰምቻታለሁ። ግን በኢየሱስ ዘመን እንዲህ የምትባል በር እንደነበረች የሚያሳይ ማስረጃ የለም፤ ወሬው የመጣው ከመካከለኛው ዘመን ወዲህ ነው። ማስረጃውን ተወውና ምንባቡን ራሱን እየው። ደቀ መዛሙርቱ ይህን ሲሰሙ እጅግ ተገርመው «እንኪያ ማን ሊድን ይችላል?» አሉ። ነገሩ ጭነት የማራገፍ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ምን ያስደነግጣቸዋል? የእርሱም መልስ «ይህ በሰው ዘንድ አይቻልም፤ በእግዚአብሔር ዘንድ ግን ሁሉ ይቻላል» ነው። አይቻልም ያለውን በበር አናሾልከው።

ብራና

ወንድም ናሆም፣ ጥያቄህን ለሁለት መክፈልህ ጥሩ ነው፤ የጥንት አባቶችም እንዲሁ ነው የከፈሉት።

ቀሌምንጦስ ዘእስክንድርያ በሁለተኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በሦስተኛው መጀመሪያ ላይ ያስተማረ ሰው ነው። በከተማው ያሉ ሀብታም ምእመናን ግመሉን ሰምተው ተስፋ ሲቆርጡ፣ ሀብት በራሱ አያኮንንም፣ የሚያኮንነው በነፍስ ውስጥ የገዛው ፍቅር ነው ብሎ አጽናናቸው። ሁሉም ያለውን ቢጥል የተራበውን ማን ያበላዋል ሲልም ጠየቀ። እስከዚህ ድረስ የጸጋው ልጅ ደስ ይለዋል። ነገር ግን ይኸው ሰው ወደ ቅንጦት ሲመጣ ምሕረት የለውም። የወርቅና የብር ዕቃ በሚያበዙት ላይ እየቀለደ፣ ቢላዋ እጀታው የዝሆን ጥርስ ካልሆነ አይቆርጥም ወይ ይላቸዋል። ድምፅ የሌለውን በር ሳነብ ትዝ ያለኝ ይህ ነው። ይቅርታ አድርግልኝ፣ ለማሾፍ አይደለም።

ባስልዮስ ግን የበለጠ ያስጨንቃል። በቂሣርያ ዘቀጰዶቅያ በ369 ዓ.ም. ገደማ (እ.ኤ.አ.) ረሃብ ሲገባ ጎተራቸውን ቆልፈው ዋጋ እስኪወደድ በሚጠብቁት ፊት ቆሞ ሰብኳል፤ ከራሱም ውርስ ሸጧል። በሣጥንህ የቆለፍከው ልብስ የታረዘው ሰው ነው፣ በቤትህ የሚበሰብሰው ጫማ ባዶ እግሩን የሚሄደው ሰው ነው ይላል። «ስጦታ ስጥ» አይደለም የሚለው። የእርሱን መልስለት ነው።

ዮሐንስ አፈወርቅ ስለ ባለጠጋውና በደጁ ስለተኛው ድሀ ስለ አልዓዛር ሲሰብክ አንድ ነገር ያስተውላል። ባለጠጋው አልዓዛርን አልሰረቀም፣ አልመታም፣ ከደጁም አላባረረም። ቀይ ልብስና ቀጭን የተልባ እግር ለብሶ በየቀኑ ወጣ ገባ አለ፤ በቃ። አፈወርቅ ለድሀ አለማካፈልን ራሱን ዝርፊያ ብሎ ጠርቶታል። በኋላ ቁስጥንጥንያ ላይ ሊቀ ጳጳስ ሆኖ የባለጠጎችን የብር የሽንት ዕቃ ሳይቀር በስብከቱ አነሳ። ጠላቶቹ ብዙ ምክንያት ነበራቸው፤ ቤተ መንግሥቱም ጳጳሳቱም ነበሩበት። ሁለት ጊዜ ተሰደደ፣ በ407 በግዞት መንገድ ላይ ሞተ።

የጸጋው_ልጅ

እነዚህ መነኮሳት ናቸው። መነኩሴ ስለ መኪና ምን ይመክረኛል? ደግሞ የእናንተ አብያተ ክርስቲያናት ራሳቸው በወርቅ የተለበጡ አይደሉም?

አወያይ

«የእናንተ» እና «የእኛ» እዚህ ክር ላይ አይሠራም። ወደ ቤተ እምነት ንትርክ ከሄደ እዘጋዋለሁ። ቀጥሉ።

ሂሳብ_ሹሟ

መነኩሴ ካልጣመህ ፕሮቴስታንት ላምጣልህ። የሜቶዲስት እንቅስቃሴ መሥራች ጆን ዌስሊ በአንድ ስብከቱ ስለ አንድ የኦክስፎርድ ወጣት ይናገራል፤ ወጣቱ ዌስሊ ራሱ ነው ይባላል። በመጀመሪያው ዓመት 30 ፓውንድ አገኘ፣ በ28 ኖረ፣ 2 ሰጠ። በሁለተኛው 60 አገኘ፣ አሁንም በ28 ኖሮ 32 ሰጠ። በሦስተኛው 90፣ በአራተኛው 120፤ ኑሮው ያው በ28፣ የሰጠው 92። ዌስሊ ሀብትን አይጠላም፤ የቻልከውን ያህል አግኝ፣ የቻልከውን ያህል ቆጥብ፣ የቻልከውን ያህል ስጥ የሚለው እርሱ ነው። ሰዎች ሁለቱን ይዘው ሦስተኛው ላይ ይጠፋሉ።

ሥራዬ የሰው ሂሳብ ማየት ነው። ያየሁትን ልንገርህ ናሆም። የሰው ገቢ ሲያድግ «ቅንጦት» የሚለው መስመር አይወፍርም። የሚወፍረው «አስፈላጊ» የሚለው ነው። ትናንት ቅንጦት የነበረው ዘንድሮ ወደ አስፈላጊ ይዛወራል፣ ማንም መዛወሩን አያይም። አንተ ቢያንስ «እንደማያስፈልገኝ አውቃለሁ» ብለሃል። ደንበኞቼ እንዲህ ቢሉኝ ሥራዬ በቀለለ።

ስለ አሥራቱም፦ አሥር በመቶ ከእጅ ወደ አፍ ከሚኖር ሰው ሲወጣ ከጉሮሮው ነው። ከአንተ ሲወጣ የት እንደሄደ እንኳ አይታወቅህም። አሥራት ካወጣሁ ዘጠና በመቶው ነፃ ነው የሚል ቃል አዲስ ኪዳን ውስጥ ካለ አሳየኝ። ዘኬዎስ ያለው «ካለኝ ሁሉ እኩሌታውን» ነው፤ በዚያ ላይ በሐሰት የወሰደውን አራት እጥፍ። ኢየሱስም ሌላው እኩሌታስ የት ነው አላለውም።

ምስራቅ_ነኝ

ብዙ ጊዜ አንብቤ የምወጣ ነኝ። «ግዛና አመስግን» የሚለውን ሳይ ግን ማለፍ አልቻልኩም።

እናቴ የምትሄድበት ቦታ አንድ ሰባኪ ነበር፤ ስሙን አልጠራም። «ዘር ዝሩ፣ መቶ እጥፍ ታጭዳላችሁ» ይል ነበር። እናቴ ለመድኃኒት ያስቀመጠችው ገንዘብ ነበራት፤ በነጭ ፖስታ፣ በላዩ ላይ በእጇ «የደም ግፊት» ብላ የጻፈችበት። ያንን ፖስታ ጽሑፉን እንኳ ሳትሰርዝ እንዳለ ወስዳ ሰጠች። ሰባኪው ፖስታውን ሲቀበል እጄን ዘርግቼ እንደምነካው ያህል ቅርብ ነበርኩ፤ ከፖስታው ይልቅ ዓይኔ የሄደው ሰዓቱ ላይ ነው። መድኃኒቱን ለወራት የገዛነው እኔና ወንድሜ ነን። አዝመራው አልመጣም። ሲጠየቅ «እምነትሽ ጎድሎ ይሆናል» አላት፤ ይህኛው ከገንዘቡ በላይ ነው የጎዳት።

ናሆም እንዲህ እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ የራሱን ላብ ነው የሚበላው። ግን «የንጉሥ ልጅ» የሚለው ስብከት መጨረሻው የት እንደሆነ ስላየሁ ነው።

መጻተኛ

እግዚአብሔር ያጽናሽ እህቴ። ይህ ነገር የአንድ መንደር ወይም የአንድ ቤተ እምነት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 አንድ አሜሪካዊ ሰባኪ 65 ሚሊዮን ዶላር ለሚያወጣ የግል ጄት ከ200,000 ሰው 300፣ 300 ዶላር ለመሰብሰብ ጥሪ አድርጎ ነበር። በ2013 ደግሞ ጀርመን ውስጥ የሊምቡርግ ካቶሊካዊ ጳጳስ መኖሪያና ጽሕፈት ቤት 31 ሚሊዮን ዩሮ ያህል ወጣበት ተብሎ ጉድ ተባለ፤ ሰውየው በ2014 ከመንበሩ ተነሣ።

የጸጋው_ልጅ

ምስራቅ፣ በእናትሽ የደረሰው ግፍ ነው። እንዲህ የሚያደርገውን እኔም አልከላከልለትም።

ግን የእኔንም ስሙኝ። ያደግኩት በድህነት ነው፤ አንድ ጫማ ከታናሽ ወንድሜ ጋር እየተፈራረቅኩ ነው የተማርኩት። ድህነት ቅድስና ነው ሲሉ የሰማኋቸው አብዛኞቹ ድህነትን በመጽሐፍ የሚያውቁት ናቸው። «አምላክህ እንድትነሣ ይፈልጋል» ብሎ የነገረኝ ያ የምትሰድቡት ዓይነት ሰባኪ ነው። ያንን ሰምቼ ነው መጠጥ ትቼ ሥራ የገባሁት። ዛሬ ልጆቼ የየራሳቸው ጫማ አላቸው። ይህን ሰው ግመል ነህ ልትሉት ነው?

ብራና

አንልህም። መጽሐፉም ድህነትን አያሞግስም። የምሳሌ 30 ጸሎት «ድህነትንና ባለጠግነትን አትስጠኝ» ነው፤ ጠግቤ እንዳልክድህ፣ ድሀም ሆኜ እንዳልሰርቅ ይላል። ሁለቱንም ይፈራል። የልጆችህ ጫማ ቅንጦት አይደለም ወንድሜ። ባስልዮስ የተናገረው እኮ ስለ አንተና ስለ ወንድምህ ነው፤ የማን ጫማ በማን ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ እንደነበር ነው።

ጎህ

ሁላችሁም ያለፋችሁት ታሪክ አለ። በቢታንያ ማርያም ዋጋው ሦስት መቶ ዲናር የሚያወጣ ናርዶስ ሽቱ ኢየሱስ እግር ላይ አፈሰሰች። የአንድ ሠራተኛ የዓመት ደመወዝ ማለት ነው፤ ባንድ ማታ ቤቱን አሽትቶ አለቀ። «ተሽጦ ለድሆች ለምን አልተሰጠም?» ብሎ የተቆጣው ማን ነበር? ይሁዳ። ኢየሱስ «ተዋት» አለ። በቃና ሰርግም ስድስት ጋን ሙሉ ወይን፣ ያውም ምርጡን፣ ሰዎቹ ከጠጡ በኋላ። 1ኛ ጢሞቴዎስ 6፥17 ባለጠጎችን ሲያስጠነቅቅ እንኳ እግዚአብሔርን «ደስም እንዲለን ሁሉን አትርፎ በሚሰጠን» ብሎ ነው የሚጠራው። አምላካችን ቆጣሪ አይደለም። ውበትን በሙሉ እንደ ብክነት የሚያይ ሃይማኖት ያስፈራኛል።

ናሆም_ቤ

ጎህ፣ ነፍስ ዘራሽብኝ 😄

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አሁን እኔ ልሟገት። ብራና፣ ዕድሜዎን ባላውቅም እንደ ታላቅ ነውና የማይዎት በአክብሮት ልጠይቅዎ፦ መስመሩ የት ነው? ይህን የምናነበው ሁላችንም ስልክ ይዘን ነው። ለዓለም እኩሌታ የእናንተም ስልክ ቅንጦት ነው። የእኔ መኪና ኃጢአት ከሆነ የእርስዎ ስልክ ትንሽ ኃጢአት ነው? ደግሞ መኪናውን የሚሠሩት ሰዎችም ደመወዝ ይበላሉ። ገንዘቡ ገደል አይገባም።

ብራና

የትም መስመር አልተሠመረም ልጄ። ይህ የሚያበሳጭ ነገር መሆኑን አውቃለሁ። ኢየሱስ ባለጠጋውን ወጣት ሁሉን ሽጥ አለው። ዘኬዎስ እኩሌታውን ሲል ተቀበለው። የአርማትያሱ ዮሴፍ ሀብታም ነበር፤ አዲስ መቃብሩን ሰጠ። ቀይ ሐር ሻጯ ልድያ ንግዷን ስለመተዋ አልተጻፈም፤ ቤቷን ከፈተች። ሐናንያንም ጴጥሮስ «ሳትሸጠው የአንተ አልነበረምን?» ነው ያለው፤ የቀጣው መሬት ስለነበረው አይደለም፣ ስለዋሸ ነው። ክርስቶስና ሐዋርያት ምንም ንብረት አልነበራቸውም በሚለው ላይ እንኳ በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ፍራንሲስካውያን የሚባሉት በድህነት የሚኖሩ መነኮሳት ተጣልተው በ1323 ጳጳሱ ዮሐንስ 22ኛ አባባላቸውን ኑፋቄ ብለውታል። ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ያልተሠመረ መስመር እኔ በስልክ ጽሑፍ አላሠምርልህም። ስለ ስልኬ የተናገርከውም ይቆጠቁጣል፤ አልክድም።

ሂሳብ_ሹሟ

ለጎህ፦ ናርዶሱን ማርያም በራሷ ላይ አላፈሰሰችውም። ዮሐንስም ይሁዳ ለድሆች ተገዶለት እንዳልሆነ፣ ከረጢቱን ይዞ ይሰርቅ እንደነበር አብሮ ጽፏል። ውበት ላይ ግን ካንቺ ጋር ነኝ።

ለናሆም፦ «ሠሪዎቹም ይበላሉ» የሚለው እውነት ነው። ግን ለምንም ነገር ብታወጣው እውነት ነው፤ ለሐኪም ቤት ብታወጣውም ሐኪሟ ትበላለች። ስለዚህ መኪናውን ለመምረጥ ምክንያት አይሆንም።

ምስራቅ_ነኝ

ናሆም፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ አትቀየመኝ። መጀመሪያ ላይ «የሰው ደመወዝ አላሳድርም» ብለሃል። ስንት ነው የምትከፍለው? ዝቅተኛው ደመወዝተኛህ ማለቴ ነው። ቁጥሩን እዚህ አትጻፈው። ግን ያ ሰው በዚያ ደመወዝ ልጁን ሊያሳክም ይችላል?

ናሆም_ቤ

ገበያው የሚከፍለውን እከፍላለሁ። ከአንዳንዱም እሻላለሁ።

ምስራቅ_ነኝ

አልጠየቅኩህም እሱን።

መጻተኛ

ያዕቆብ 5፥4። ባለጠጎችን ሲገሥጽ የሚጀምረው በወርቃቸው ነው፤ ዝጓል ይላል። ወዲያው ወደ ሠራተኞቹ ደመወዝ ይሄዳል፤ የሚጮኸው እርሱ ነው። እስካሁን ስለ አሥራት፣ ስለ ግመል፣ ስለ ጄት አወራን። አንድም ሰው ግን ደሞዙን አልጠየቀም ነበር። በማቴዎስ 20 የወይኑ እርሻ ጌታም በአሥራ አንደኛው ሰዓት ለገባው ሙሉ ዲናር ሲከፍል የገበያውን ዋጋ አላየም።

የጸጋው_ልጅ

ይህንንስ እኔም እደግፋለሁ። ተቀጣሪ ሆኜ አይቻለሁ። አለቃዬ አዲስ መኪና በገዛ ሳምንት «ዘንድሮ ጭማሪ የለም» ሲለን የሰማነውን ስብከት ሁሉ ረሳነው።

ናሆም_ቤ

ትናንት ማታ ቀለም አልመረጥኩም፤ የደመወዝ መዝገቡን ነው የከፈትኩት። በአሁኑ መኪናዬና በአዲሱ መካከል ያለውን ልዩነት ለታችኞቹ ሠራተኞች ባካፍለው ጥሩ ጭማሪ ይወጣዋል። ግን እንደ ነጋዴም ማሰብ አለብኝ፤ ሥራው ቢቀዘቅዝ ጨምሬ የሰጠሁትን መልሼ መቀነስ ከዘራፊ ያስቆጥረኛል። ሂሳብ ሹሟ፣ ምን ትያለሽ?

ሂሳብ_ሹሟ

ልክ ነህ፣ ሁለቱን በቀጥታ አታወዳድር። መኪናው አንዴ የሚወጣ ነው፣ ደመወዝ ግን በየወሩ የሚመለስ። የመኪናውን ዋጋ ለሚያገለግልበት ዓመት አካፍለው፣ ኢንሹራንሱንና ጥገናውን ጨምርበት፣ ስትሸጠው የምታገኘውን ቀንስ። የሚወጣልህ የዓመት ቁጥር ነው ከጭማሪው ጋር የሚወዳደረው። ከዚያ ጭማሪውን በሁለት ክፈለው፦ መደበኛው ደካማ ዓመት ቢመጣም የማትቀንሰው ይሁን፤ የቀረው ከትርፉ ጋር የሚወጣና የሚወርድ የዓመት መጨረሻ ጉርሻ ይሁን፣ አከፋፈሉም ቀድሞ ይታወቅላቸው። የሕክምና ዋስትና ማስገባት ከቻልክ ደግሞ ከእርሱ ጀምር፤ ለምስራቅ ጥያቄ የሚመልሰው እርሱ ነው።

የጸጋው_ልጅ

መኪናውስ? 😅

ናሆም_ቤ

አልሰረዝኩም፣ ክፍያም አልፈጸምኩም። ሻጩ እስከ ወር መጨረሻ እጠብቅሃለሁ ብሎኛል። የዓመቱን ቁጥር አውጥቼ እዚሁ እመለሳለሁ። ብራና፣ ያቺን የዝሆን ጥርስ ቢላዋ ለባለቤቴ ነገርኳት፤ አሁን በር በከፈትኩ ቁጥር «ይቆርጣል ወይ?» ትለኛለች።